የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ቢዋና ኮቶ ከቫዮሊን ጎን

የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ 125ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለጃፓናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቶሩ ታኬሚትሱ አዲስ ሥራ አዘዘ። «ኖቬምበር ስቴፕስ» እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1967 በሴጂ ኦዛዋ መሪነት ሲቀርብ ከኦርኬስትራው ፊት የተሰየሙት ሁለት ባለሙያዎች ነበሩ፤ ኪንሺ ጹሩታ በባለ አውታሩ ቢዋ፣ ካትሱያ ዮኮያማ እንደ ዋሽንታችን ከጫፉ በሚነፋው የቀርከሃ ሻኩሃቺ።

ታኬሚትሱ የጃፓንንና የምዕራቡን የሙዚቃ ዓለማት አላዋሃደም። እንዲያውም ኦርኬስትራውን ለረጅም ጊዜ ዝም አሰኝቶ መድረኩን ለሁለቱ ብቻ ይለቅላቸዋል። የቢዋው መምቻ ገላውን ሲመታ የሚሰማው ጩኸት፣ የሻኩሃቺው የትንፋሽ ሽውታ፣ በመካከላቸው ያለው ጸጥታ፣ ሁሉም ሳይለዝቡ ይቀርባሉ። ለእኔ የሥራው ድፍረት እዚህ ላይ ነው። የአገር መሣሪያን ለጌጥ ያህል ጣል የሚያደርጉ ብዙ ቅንብሮች ይህን አክብሮት ይነፍጉታል።

ይህን እትም ስናሰናዳ ከሁሉ በላይ የሳበን ግን የራሳችን ሰው ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «ኮቱራዥያ»ን የደረሱት ለፍሉት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓኑ ባለ አውታር መሣሪያ ለኮቶ ነበር። ምርጫው ድንገተኛ አይመስለኝም። የትዝታ ማይነር አምስት ድምፆች ኮቶ ከሚቃኝበት ሂራጆሺ ጋር በርቀታቸው ይገጥማሉና፣ የእኛ ጆሮ ለዚያ መሣሪያ እንግዳ አይሆንም። ሥራው ግን እዚህ አገር እምብዛም አይሰማም፤ ይህ ያሳዝነኛል። በሚቀጥሉት ገጾች ሁለቱን ደራሲያን ጎን ለጎን አስቀምጠናቸዋል፤ ከአሸናፊ ጀምሩ።