ከራግቢ ሜዳ ወደ ማይክሮፎን

በዛሬው ዘመን የአውሮፓ ቴሌቪዥን ድርጅቶች የራግቢ ግጥሚያ ሲያስተላልፉ በማይክሮፎኑ ፊት ከሚያስቀምጧቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቀድሞ በብሔራዊ ቡድን ተሰልፈው ስማቸውን ያስጠሩ ተጫዋቾች ናቸው። ሐሳቡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የትግሉን ጣዕም ከቀመሰው ይልቅ የሚያውቀው የለምና። ነገር ግን መጫወትና ጨዋታን ለሕዝብ ማስረዳት አንድ ሙያ ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የስኮትላንዱን የቢል ማክላረንን ታሪክ መመርመር የሚጠቅም ይመስለናል።

ሚስተር ማክላረን በ1923 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሆዊክ ከተማ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ ጦር ውስጥ ሆነው ኢጣልያ ዘምተው ከተመለሱ በኋላ ለከተማቸው ቡድን በመሰለፍ ስለ ታወቁ፥ በ1947 ለብሔራዊ ቡድን መምረጫ በተደረገው ግጥሚያ ተካፈሉ። የአገራቸውን ማልያ ለመልበስ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ግን በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ። በሆስፒታል 19 ወር ያህል ተኙ፤ ያን ጊዜ ገና በሙከራ ላይ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ሕይወታቸውን አተረፈው። ተጫዋችነታቸው ግን በዚሁ አበቃ።

በዚያው ሆስፒታል ሳሉ በሽተኞች የሚጫወቱትን የጠረጴዛ ቴኒስ በሆስፒታሉ ራዲዮ ማስተላለፍ ጀመሩ። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ይባላል፤ ድግሱን የጠመቁት ግን ራሳቸው ናቸው። ከዳኑ በኋላ በከተማቸው ጋዜጣ ጻፉ፤ በ1953 በቢቢሲ ራዲዮ የብሔራዊ ቡድኖችን ግጥሚያ አስተላለፉ፤ ከ1959 ጀምሮ በቴሌቪዥን ቀጠሉ። እስከ 1987 ድረስም በሆዊክ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ።

አሠራራቸውን እንመልከት። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ስለ ተጫዋቾቹ የሰበሰቡትን ሁሉ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ያሰፍሩ ነበር። የተጫዋቾቹን ቁጥርና ስም ለማጥናት ካርታ በውዘው አንድ በአንድ እየገለጡ ራሳቸውን ይፈትኑ ነበር። ልምምዱንም በቦታው ተገኝተው ይመለከቱ ነበር። በአየር ላይ የሚነገረው ከዚህ ሁሉ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ሳይነገር ንግግሩን የሚደግፍ መሠረት ነው።

ሁለተኛው ነገር አለማዳላት ነው። እንደ ጂም ሬንዊክና ኮሊን ዲንስ ያሉ ያስተማሯቸው ልጆች ለስኮትላንድ ተሰልፈዋል፤ የልጃቸው ባል አለን ላውሰንም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ዌልሱም እንግሊዙም አየርላንዱም እንደ ራሱ ሰው አድርጎ ያደምጣቸው ነበር። በብሔራዊ ቡድን አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለፉ በ2001 በዓለም አቀፉ የራግቢ የክብር መዝገብ ገቡ። በ2002 በካርዲፍ ከተማ የመጨረሻ ጨዋታቸውን አስተላልፈው በ2010 ዐረፉ።

እንግዲህ የታወቀ ተጫዋች መሆን ዋጋ የለውም ማለታችን ነውን? አይደለም። ከማክላረን በኋላ በቢቢሲ ትልቁን ቦታ የያዙትና በ2022 ያረፉት ኤዲ በትለር የዌልስ ቡድን አምበል ነበሩ። ነገር ግን እርሳቸውም ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ በጋዜጠኝነት ደክመው ቃልን መመጠን ተምረዋል። በአምበልነታቸው ብቻ የተናገሩ አልነበሩም።

ስለዚህ ስም በር ያስከፍታል፤ ከገቡ በኋላ የሚያኖረው ግን ዝግጅት ነው ብንል አንሳሳትም። ይህም በስፖርት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ትምህርቱን ጨርሶ በዲፕሎማው ተማምኖ ወደ ሥራ የሚገባ ወጣትም ጉዳዩን ሳያጠና በባለ ጉዳይ ፊት ቢቀመጥ፥ የጥንት ዝናውን ብቻ ይዞ ማይክሮፎን ከጨበጠ ተጫዋች አይለይም። ጉዳቱም በእርሱ ላይ አይቀርም፤ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሌላ ሰው ነው።