አባዬ፣ ግራፉ ተገልብጧል

በዚህ ገጽ ዘወትር የምንጨዋወተው ስለ ትዳርና ስለ ልጆች ነው። ዛሬ ግን ስለ ኤክሴል ልጽፍ ነው። አትሳቁብኝ፤ የቤታችንን ሰላም ነክቷል።

ልጃችን ዋይ = -ኤክስ² + 4 የሚለውን ፈንክሽን በግራፍ እንድታሳይ የቤት ሥራ ተሰጣት። እኔ በመሥሪያ ቤቴ ስንት ዓመት የደመወዝ ሰንጠረዥ የሠራሁበት ፕሮግራም ነውና «ነይ ላሳይሽ» አልኳት። በ«ኤ» ዓምድ ከ-3 እስከ 3 ያሉትን ቁጥሮች ወደ ታች ጻፍን። ከጎኑ =-ኤ2^2+4 ብዬ ቀመሩን አስገባሁና የሳጥኑን የታች ቀኝ ጥግ ይዤ ወደ ታች ጎተትኩት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሞላ። መጀመሪያ «ላይን» የሚባለውን ቻርት መርጬ ነበር፤ የኤክስን ቁጥሮች ራሳቸውን እንደ ሌላ መስመር ሣለብኝ። ጥንድ ጥንዱን ቁጥር በየቦታው የሚያስቀምጠው «ስካተር» የተባለው ነው። እሱን ስመርጥ ወደ ላይ የተከፈተ የሚያምር ፓራቦላ ወጣ።

ልጄ ትክ ብላ አየችውና፣ «አባዬ፣ ተገልብጧል። ከኤክስ ስኩዌር ፊት ነጌቲቭ ስላለ ወደ ታች ነው መከፈት ያለበት» አለች።

«ኮምፒውተር አይሳሳትም፤ ያላጠናሽው አንቺ ነሽ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ደብተሯን ሰብስባ ክፍሏ ገባች።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና፣ «እስቲ 3ን በእጅህ አስላው» አለችኝ። 3 ጊዜ 3፣ 9። ነጌቲቭ 9 ሲደመር 4፣ ነጌቲቭ 5። ስክሪኑ ላይ ያለው ግን 13 ነው።

ምክንያቱን በኋላ ደረስኩበት። በሒሳብ ትምህርት ስኩዌሩ ይቀድማል፣ ነጌቲቩ ይከተላል። ኤክሴል ግን በቀመር መጀመሪያ ላይ ያለውን የነጌቲቭ ምልክት አስቀድሞ ከቁጥሩ ጋር ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ -3ን በ-3 አባዝቶ 9 ያወጣል። ብልሽት አይደለም፣ የተሠራበት ደንብ ነው። =-(ኤ2^2)+4 ብሎ በቅንፍ ማሰር ወይም =4-ኤ2^2 ብሎ መጻፍ ይበቃል። እንዲህ ሳደርግ -5፣ 0፣ 3፣ 4፣ 3፣ 0፣ -5 መጣ፤ ግራፉም ወደ ታች ዞረ። ልጆቻችሁን በኤክሴል የምታስጠኑ ወላጆች ይህችን ቅንፍ አትርሱ።

ቅንፏ ቀላል ነበረች። የከበደኝ የልጄን በር ማንኳኳቱ ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በቤት ለቤት ኅብረታችን ኤፌሶን 6፥4ን ለአባቶች ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ፤ እሷም ተቀምጣ ሰምታለች። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ገባሁ። «ልክ ነበርሽ። የጮህኩብሽ እኔ ሳላውቅ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

ወዲያው አልመለሰችልኝም። ከዚያ ተነሥታ መጥታ ስክሪኑን አየችና፣ «ጫፉ ሾሏል እኮ አባዬ፣ ቁጥሮቹን በ0.5 እናቀራርባቸው» አለችኝ። ወንበሩን ለቀቅኩላት።