በቃል የሚመሠረት የንግድ ሽርክና የሚያስከትለው የሕግ ክርክር

በአገራችን በዘመድ፣ በጓደኛና በጉርብትና መተማመን ላይ የተመሠረተ የንግድ ሽርክና የቆየ ልማድ መሆኑ ይታወቃል። ይሁንና ከመተማመኑ ጎን ለጎን የጽሑፍ ውል ባለመደረጉ ምክንያት የሚነሡ ክርክሮች ተሻራኪዎችን ለእንግልት፣ ፍርድ ቤቶችንም ለተጨማሪ የሥራ ጫና ይዳርጋሉ።

የክርክሩ አነሣሥ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበቱንና ሙያውን አዋጥተው ዳቦ ቤት ይከፍታሉ። የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና የባንክ ሒሳቡ በአንደኛው ስም ይወጣል። ሥራው ሲጀመር ችግር አይታይም። ትርፍ ሲገኝ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ግን ፈቃዱ በስሙ ያለው ወገን ወይም ወራሹ "ድርጅቱ የግሌ ነው" ይላል። ሌላው ወገን በእጁ ያለው ማስረጃ የምስክሮች ቃል ብቻ ይሆናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 211 የሽርክና ውል መዋጮን፣ በጋራ የመሥራት ፈቃድንና የትርፍና የኪሳራ ተካፋይነትን አጣምሮ የያዘ መሆኑን እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ይደነግግ የነበረ ሲሆን፣ በአንቀጽ 214 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ መደረግ እንዳለበት አስፍሮ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1720 ሕግ ያዘዘውን ፎርም ያልተከተለ ስምምነት እንደ ረቂቅ እንደሚቆጠር ይገልጻል። በአንቀጽ 2003 መሠረትም ሕግ ጽሑፍ እንዲኖር ያዘዘበትን ውል በምስክር ማስረዳት የሚቻለው ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ሲረጋገጥ ነው።

ከዚህ ጠቅላላ ደንብ የሚለየው የእሽሙር ማኅበር ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 272 መሠረት ይህ ማኅበር በጽሑፍ እንዲደረግ ወይም እንዲመዘገብ ግዴታ አልነበረበትም፤ የሕግ ሰውነትም የለውም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013ም የእሽሙር ማኅበርን ከንግድ ማኅበራት ዓይነቶች እንደ አንዱ አስቀጥሏል። በመሆኑም የቃል ስምምነት ያለው ተከራካሪ ብዙውን ጊዜ በዚህ በር ለመግባት ይሞክራል። ሆኖም መዋጮው፣ የጋራ ዓላማውና የትርፍና የኪሳራ ክፍፍሉ መኖሩን የማስረዳት ሸክም በእርሱ ላይ መውደቁ አይቀርም።

ሽርክናው ካልተረጋገጠ ገንዘብ ያዋጣው ወገን "ብድር ነው" ብሎ ቢከራከር ሌላ እንቅፋት ይገጥመዋል። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በፍርድ ቤት በሚፈጸም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋልና። የሚቀረው በአንቀጽ 2162 መሠረት ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገውን ወገን ካሣ መጠየቅ ነው። ይህም ቢሆን የዓመታት ትርፍን እንደ ሸሪክ መካፈል ማለት አይደለም። በአንጻሩ ፈቃዱ በስሙ የወጣው ሰው ግብሩንና ዕዳውን ብቻውን እንዲሸከም ሊገደድ ስለሚችል የቃል ስምምነቱ እርሱንም ይጎዳል።

ከዚህ አኳያ የንግድ ፈቃድ የሚሰጡና ሰነዶችን የሚያረጋግጡ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊነት ከፍተኛ ነው። ፈቃድ ጠያቂው በሥራው ላይ ሌላ ተሻራኪ ያለው መሆኑን መጠየቅ፣ ካለም የጽሑፍ ውልን ጥቅም ማስረዳት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በአንቀጽ 1727 መሠረት በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ እንዳለበትም ማሳወቅ ይገባል። የሰነድ ማረጋገጥ አገልግሎቱ ቀልጣፋ ካልሆነ ግን አነስተኛ ነጋዴው ወደ ቃል ስምምነት መመለሱ አያጠራጥርም።

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" የሚለው የአበው አባባል ለንግድ ሥራም የሚያገለግል ነው። ውልን በጽሑፍ ማስፈር ያለመተማመን ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም። ይልቁንም መተማመኑ ከተዋዋዮቹ ዕድሜ በኋላም ለልጆቻቸው እንዲተላለፍ የሚያደርግ ዋስትና ነው።