ወርቅ ላበደረ ጠጠር፦ ከዳንፎርዝ ሸለቆ እስከ ለገደንቢ

በቶሮንቶ የዳንፎርዝን ጎዳና ይዞ ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው የኢትዮጵያውያንን ምግብ ቤቶች አልፎ የዶን ወንዝ ሸለቆ ላይ ይደርሳል። ከድልድዩ በስተሰሜን ኤሊና የውሃ ወፎች የሚኖሩባቸው ኩሬዎች አሉ። ቦታው ከ1889 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመቶ ዓመት ገደማ የጡብ ሸክላ የተቆፈረበት ገደል ነበር። ካሳ ሎማና ማሲ ሆል የተሠሩበት ጡብ ከዚህ ወጥቷል። ፋብሪካው ሲዘጋ ጉድጓዱ ከከተማው መሃል በወጣ አፈር ተሞላ፤ የጅረት ውሃ ተመራበት፤ አገር በቀል ተክሎች ተተከሉበት።

ይሁንና የሸክላ ጉድጓድን መሙላት አንድ ነገር ነው። ማዕድን የመረዘው መሬት ሌላ ጉዳይ ነው። ከቶሮንቶ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሰድበሪ ለዚህ ምስክር ናት። የኒኬልና የመዳብ ማቅለጫዎቿ ጭስ ኮረብታዎቿን አጥቁሮ ሐይቆቿን አሲድ አድርጎ ነበር። በ1978 የተጀመረው ሥራ አሲዱን ለማርከስ ኖራ መበተን፣ ሣር መዝራት፣ ከዚያም ዛፍ መትከል ነበር። አሥር ሚሊዮነኛው ዛፍ የተተከለው በ2022 ነው። ጭሱ ሲቀንስ ዓሣም ወደ ብዙ ሐይቆች ተመለሰ። ሥራው ግን ከአርባ ዓመት በኋላም አላለቀም፤ ከወጪውም ከፊሉን የሸፈነው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ኦንታሪዮ ከዚህ ተምራ በ1991 ሕግ አወጣች፦ ማዕድን አውጪ ከመጀመሩ በፊት የመዝጊያ ዕቅድና የገንዘብ ማስያዣ ያቀርባል። ኩባንያው ቢከስር እንኳ መሬቱን የሚያድን ገንዘብ አለ ማለት ነው። በ2023 ሕጉን ያላላ ማሻሻያ ሲጸድቅ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ተቃውመዋል። እዚህም ቢሆን ያለ ጠባቂ የሚቆም ሕግ የለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አቅራቢያ የሚገኘው የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን በ1990ዎቹ መጨረሻ ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ ተዛወረ። ሃያ ዓመት ወርቅ ከወጣ በኋላ፣ በ2018 ፈቃዱ ለአሥር ዓመት ሲታደስ፣ የአካባቢው ሕዝብ «ውሃችን ተመርዟል፣ ልጆቻችን አካለ ጎዶሎ ሆነው እየተወለዱ ነው፣ ከብቶቻችን አለቁ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ኩባንያው አስተባበለ፤ መንግሥት ፈቃዱን አገደ። በ2021 ግን ሥራው እንደገና ተጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ባወጣው ሪፖርት መንግሥት ያስጠናቸው ጥናቶች ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ ጠይቋል።

ለመሆኑ ሕግ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢን መብት አድርጎታል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የወጣው በ2002 ነው። በ2010 የወጣው የማዕድን አዋጅም ባለፈቃዱ ለመሬቱ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። የጎደለው ገንዘቡ ስንት እንደሆነና በማን እጅ እንዳለ የሚያሳይ፣ የሻኪሶ እረኛ ሊያነበው የሚችል ወረቀት ነው።

ማገገም የሚጀመረው ማዕድኑ ሲዘጋ አይደለም። ለም አፈሩ ሲገፈፍ ለብቻው መቀመጥ አለበት። ሳይናይድ የነካው ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ኩሬ እንዳያፈስ ሆኖ መሠራት አለበት። የታችኛው ወንዝ ውሃ ከቁፋሮው በፊት ካልተመረመረ በኋላ ምን እንደተለወጠ ማንም ማስረዳት አይችልም። ወርቁ ከወጣ በኋላ «አልምተህ ሂድ» ቢባል ማን ይሰማል? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው።

ይህ የለገደንቢ ጉዳይ ብቻም አይደለም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የኩርሙክን ወርቅ የያዘው አላይድ ጎልድ በ2023 የተመዘገበው እዚሁ ቶሮንቶ ባለው የአክሲዮን ገበያ ነው። ስለዚህ እኛ በስደት ያለነው ሩቅ ነን ብለን የምናመካኝበት ጉዳይ አይደለም። ለምክር ቤት አባሎቻችንና ለባለ አክሲዮኖች ሦስት ጥያቄ ማቅረብ እንችላለን፦ የመዝጊያ ዕቅዱ የት አለ? ማስያዣው ስንት ነው፣ በማን እጅ ነው? የውሃ ምርመራው ውጤት ነዋሪው በሚያነበው ቋንቋ ይወጣል ወይ? ኩርሙክ ላይ ይህን ለመጠየቅ ለገደንቢ የፈጀውን ያህል ዓመት መጠበቅ የለብንም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።