ያ ጉዞ አይመለስ

ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ የሦስት ቀን ጉዞ የተከፈተ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ጉዞው አልቆ ግሩፑ ቀረ። አልፎ አልፎ የሠርግ ጥሪ ወይም የሥራ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል። ሰሞኑን አንዷ ልጅ የዓባይ በረሃን ፎቶ አውጥታ ከሥሩ «ያ ጊዜ ይመለስልን» ብላ ጻፈች። አሥራ ዘጠኝ ሰው ልብ ለጠፈላት። የኔም ጣት ልቡ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት። እውነት ለመናገር፣ ያ ጉዞ እንደነበረ እንዲመለስ አልፈልግም።

ጉዞው እንዲህ ነበር። መስከረም 2012፣ የመስቀል ሰሞን፤ እኔ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ ገና ወራት ነው። ማስታወቂያው ሸለቆ፣ ደንና ጣና በሦስት ቀን ይላል። ሌሊት 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ በኮስተር ተነሣን። ጎሐ ጽዮን ላይ ወርደን ፎቶ ተነሣን፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደውን በረሃ ጀርባችን ላይ አድርገን። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ደጀን ወጣን። እዚያ የደብረ ማርቆሱን መንገድ ትተን በሞጣ በኩል ያዝን፤ ያጥራል። ቢቸና ሃያ ደቂቃ ቆምን፣ ለሽንት ቤት። ደብረ ወርቅን በመስኮት አየናት። ሞጣን ስናልፍ ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ ግማሹ ይዘፍናል። ማታ ባሕር ዳር ነበርን።

ስለ ብሩ ላውራችሁ። 2,400 ብር ከፍያለሁ። ምሳው አዲስ አበባ ተቋጥሮ መጣ፣ ውኃው በካርቶን ተጭኗል፣ አልጋው ባሕር ዳር ነው። ከኔ ኪስ ወጥቶ ምሥራቅ ጎጃም የቀረው ቢቸና ላይ የጠጣሁት ሁለት ሻይና የገዛሁት አንድ ማስቲካ ዋጋ ነው። «ቱሪዝም ለአካባቢው ሕዝብ ገቢ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያቺ ማስቲካ ትዝ ትለኛለች።

ብሩስ ይሁን። ምን እንዳለፍን አለማወቃችን ነው የሚብሰው። በዚያ ኮስተር ውስጥ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ወይም በሬዲዮ ሲተረክ የሰማ ሞልቷል። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ያ መጽሐፍ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያገናኘው ዲማ ላይ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ ያለው ሻይ ከጠጣንበት ከቢቸና አቅራቢያ ነው። ማንም አላነሣትም። መጽሐፉን እንወዳለን እያልን ከአገሩ አጠገብ ሽንታችንን ሸንተን ሄድን።

የደኑ ነገር ደግሞ አለ። በማስታወቂያው ላይ «ያልተነካ ደን» ተብሎ ነበር። መንገድ ዳር ካለ አንድ ኮረብታ ሥር ቆምንና ስፒከራችንን ከፍተን ዛፍ ሥር ተሰለፍን። ብዙም ሳይቆይ አንድ አዛውንት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከዛፎቹ መሐል መጡ። አልተቆጡም። «ልጆች፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ያንን ነገር ዝጉት። የተኛ ሰው አለ እዚህ» አሉን። ዘግይቶ ገባን፤ የቆምነው መቃብር ላይ ነበር። ደን ያልነው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው።

ያልተነካ የሚለው ቃል የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ከደጀን እስከ ሞጣ በመስኮት ካያችሁ፣ ሜዳው የጤፍ ማሳ ነው፤ በየቤቱ ዙሪያ የሚታየው ዛፍ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ዝግባው የቀረው ደብር ባለበት ነው። በአማራ ክልል እንዲህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በሺዎች ይቆጠራሉ። የደን ሳይንስ ምሁሩ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በእነሱ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል፤ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱና ምእመናኑ በደኖቻቸው ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲክቡ ደግፈዋል። የሚከበው ድንጋይ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው፤ ማሳው ይጠራል፣ ከብት ደኑ ውስጥ አይገባም። ደኑ የቆመው እንግዲህ ሰው ስለጠበቀው ነው፤ በእምነት፣ በውግዘት፣ በካብ። ጠባቂውን ከፎቶው ቆርጠን አውጥተን «ተፈጥሮ» ብለን ለጠፍነው።

ከዚያ ጉዞ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ ሞጣ ውስጥ መስጊዶች ተቃጠሉ። የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ወደሙ። ዜናው ግሩፓችን ላይ ሲለጠፍ የመጀመሪያው መልስ «ሞጣ ያለፍንባት ናት እንዴ?» የሚል ነበር። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስልኬን ፈተሽኩ። ከ400 በላይ ፎቶ አለኝ፤ ከሞጣ ያለኝ አንድ የደበዘዘ የመስኮት ፎቶ ነው፣ እሱም የራሴ ፊት መስታወቱ ላይ የታየበት። ሞጣ ውስጥ መስጊድ እንዳለ አላውቅም ነበር። ለኔ የነበረችው «ደን» እና «ጣና» በሚሉት ቃላት መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ብናድር ኖሮ እሳቱ አይነሣም ነበር እያልኩ አይደለም፤ እንደዚያ የሚያስብ ሞኝ ነው። ግን አንድ ሌሊት ያደረ ሰው የሚደውልለት ሰው ይኖረዋል። «የገዛሁበት ሱቅ ደህና ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ የምንጠይቀው አልነበረንም።

ፎቶ ማንሳት ኃጢአት ነው የምል የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ከሞጣ ወርዶ ዓባይ ላይ ያለውን የሰባራ ድልድይ ታሪክ ስሙ። ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኘው ይህ የድንጋይ ድልድይ ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው ይባላል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላትን መሻገሪያ ለመንፈግ መሐሉን ቆረጡት፤ ስሙም ሰባራ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሰው የሚሻገረው በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ ማዶ የቆሙ ወንዶች እየጎተቱት ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ አየው፤ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በ1994 ድልድዩ ተጠገነ። በ1997 ክረምት ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ እነሱም ተመልሰው መጡና ከጎርፉ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ልዩነቱን አያችሁ? ያኛው ፎቶ ውስጥ የሚሻገር ሰው አለ። በኛ ፎቶ ውስጥ ያለነው እኛ ነን።

ጉዞ የሚያዘጋጅ ጓደኛ አለኝ፤ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀ። «ሰው የሚከፍለው ለጣና ነው። ‹አንድ ሌሊት በሞጣ› ብዬ ብለጥፍ ማን ይመዘገባል?» አለኝ። ይገባኛል። እኔም ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ነኝ፤ ደንበኛ አልጠየቀውም እየተባለ ስንት ነገር ሲቀር አይቻለሁ። ግን ደንበኛው የሚጠይቀው ያሳየኸውን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ መስኮት ስትሸጥለት ኖረህ አልጋ አልጠየቀኝም አትበለው። እኛም ገዢዎቹ አናመልጥም፤ ሦስት ቀን ውስጥ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ በመቀመጫችን ማለፍን «አገር ማወቅ» ብለን የሰየምነው እኛው ነን።

አሁን ደግሞ መንገዱ ራሱ ሌላ ነገር ሆኗል። ከ2015 ክረምት ወዲህ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በሰኔ 2016 መጨረሻ፣ እኛ እየዘፈንን ባለፍንበት መንገድ፣ ገብረ ጉራቻ አካባቢ አውቶቡሶች ተይዘው ከመቶ በላይ መንገደኞች ታግተዋል፤ ብዙዎቹ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ነበሩ። እነዚያ ልጆች መንገዱን የፈለጉት እናታቸው ጋር ለመድረስ ነው። የቢቸና ሰው የሚፈልገው ታማሚ ሆስፒታል ለማድረስ፣ ጤፉን ገበያ ለማውጣት ነው። በዚህ መሐል «ያ ጊዜ ይመለስልን» ስንል የጠፋብን ሽርሽር ብቻ ይመስላል። የሰላም ናፍቆታችን እንኳ የራሳችንን ፎቶ መናፈቅ ሆነ።

ስለዚህ መንገዱ ሲከፈት (ይከፈታል ብዬ አምናለሁ) በዚያው ኮስተር፣ በዚያው ዝርዝር አንሂድ። ቀኑ ሦስት ከሆነ ጣና ይቅር። ቢቸና እንደር፣ ምሳ እዚያው እንብላ። ዲማን በአገሩ ልጅ አስጎብኚነት፣ ከፍለን እንይ። ደን ስናይ ስፒከሩን ዘግተን መጀመሪያ በሩ ላይ ያሉትን አባት እንጠይቅ። ሞጣ እንደርና ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑንም መስጊዱንም፣ ገበያውንም እንይ። አቅም ያለው ሰባራ ድልድይ በእግሩ ይውረድ። ይህን የማያካትት ማስታወቂያ ሲለጠፍ «ሞጣ ስንት ሰዓት ትቆማላችሁ?» ብለን ከሥሩ እንጻፍ። መልስ ካላገኘን አንክፈል።

ይህንኑ አሳጥሬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩት፤ «ሞጣ የምናድር ከሆነ እኔ አለሁ» ብዬም ጨረስኩ። እስካሁን «አለሁ» ያሉት ሦስት ናቸው። አሥራ ስድስቱን እየጠበቅሁ ነው።