ቤት ስለመታ ብቻ

ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የሚማር ሰው ገና ከጅምሩ የሚሸመድዳት አንዲት የእንግሊዝኛ አባባል አለች። ወደ አማርኛ ስትመለስ «በስምንት ሁልጊዜ፣ በዘጠኝ በጭራሽ» እንደማለት ናት። የምትናገረው ኩዊን ስለጎደለችበት የካርታ ዓይነት ነው። ከጨዋታው በፊት በሚካሄደው ጨረታ ይህን ያህል ዙር እወስዳለሁ ብሎ ውሉን የያዘው ተጫዋች የራሱን 13 ካርታና ገበታ ላይ የተዘረጋውን የአጋሩን 13 ካርታ ያዛል። ከአንዱ ዓይነት ኤስ፣ ኪንግና ጃክ ገበታው ላይ ሆነው ኩዊኗ ከተጋጣሚዎቹ አንዱ ዘንድ ከሆነች ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ኤስና ኪንግን አከታትሎ በመምታት ኩዊኗን መጣል ነው። ሁለተኛው ኤስን ከመታ በኋላ ከእጁ ትንሽ ካርታ ወደ ገበታው መምራት፣ በግራው ያለው ተጋጣሚ ትንሽ ሲጥል ኪንግን አቆይቶ ጃክን ማስገባት ነው፤ ኩዊኗ በግራ ናት ብሎ መወራረድ ማለት ነው። ተጫዋቾች ይህን ፊኔስ ይሉታል። አባባሏ በሁለቱ እጅ ያለው በድምሩ ስምንት ከሆነ ፊኔስ አድርግ፣ ዘጠኝ ከሆነ ግን በጭራሽ ትላለች። በእንግሊዝኛው ቤት ትመታለች፤ ዕድሜዋን ያረዘመላትም ይኸው ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ግማሿ ላይ ጠብ የለኝም። ስምንት ካርታ ሲኖር ውጭ የቀሩት አምስት ናቸው፤ ኩዊኗ ብቻዋን ወይም ከአንድ ካርታ ጋር ሆና ኤስና ኪንግ ሥር የምትወድቀው ከመቶ 33 ጊዜ ያህል ነው። ፊኔሱ ግን ከግማሽ በላይ ይሠራል። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ቢጋነንም ያስኬዳል። ጉዱ ያለው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ዘጠኝ ካርታ ሲኖር ውጭ ያሉት አራት ናቸው፤ ሁለት ለሁለት የሚከፈሉት 40.7 በመቶ፣ ሦስት ለአንድ 49.7 በመቶ፣ አራቱም አንድ ሰው ጋ የሚሆኑት 9.6 በመቶ ነው። ኤስ ተመትቶ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ጣሉ እንበል። ቀጥሎ ወደ ገበታው ሲመራ በግራ ያለው ሌላ ትንሽ ጣለ። አሁን የቀረችው ኩዊን ብቻ ናት። በግራ ያለው ከዚህ ዓይነት ሁለት ካርታ አሳይቷል፣ ያልታወቁት ካርታዎቹ 11 ናቸው፤ በቀኝ ያለው ያሳየው አንድ ነው፣ ያልታወቁት 12 ናቸው። ኩዊኗ ከእነዚህ 23 ቦታዎች አንዱን ይዛለች። ስለዚህ በቀኝ ሆና የመውደቅ ዕድሏ 12 ለ11፣ በመቶኛ 52 ነው። ያ ሁሉ «በጭራሽ» የተንጠለጠለው በአንዲት ካርታ ብልጫ ላይ ነው።

አንዲት ካርታ ደግሞ ጨረታው ላይ በተባለ በአንድ ቃል ትጠፋለች። በቀኝ ያለው ተጋጣሚ ጨረታውን ሲከፍት ሰባት ስፔድ እንዳለው አሳይቶ ቢሆንስ? በእኛ ሁለት እጅ አራት ስፔድ ካለ በግራ ያለው የያዘው ሁለት ብቻ ነው። ቅነሳው ቀላል ነው። በግራ 13 ሲቀነስ ሁለት ስፔድ፣ ሲቀነስ ሁለት ትንንሾች፣ ዘጠኝ ይቀራል። በቀኝ 13 ሲቀነስ ሰባት፣ ሲቀነስ አንድ፣ አምስት ይቀራል። ኩዊኗ ዘጠኝ ለአምስት፣ ማለትም 64 በመቶ፣ በግራ ናት። አባባሏን አክብሮ ኪንግን የመታ ሰው 36 በመቶውን መረጠ። ሰባቱ ስፔድ በግራ ቢሆኑ ኖሮ ስሌቱ አራት ለአሥር ይሆንና ኪንግን መምታት 71 በመቶ ያዋጣል፤ ያኔ አባባሏ ልክ ትሆናለች፣ ግን በስፔዱ ምክንያት እንጂ በዘጠኙ አይደለም። ይህን ያህል ረጅም ዓይነት እንኳ አያስፈልግም። የሌላ ዓይነት ካርታዎች ሙሉ በሙሉ ተቆጥረው በቀኝ ያለው ከግራው በአንድ ካርታ ከበለጠ ሚዛኑ እኩል ይሆናል፤ በሁለት ከበለጠ ሕጉ ስህተት ነው።

ሌላው ሕመም አንዱን ዓይነት ከጨዋታው ገንጥሎ «ትክክለኛ» አጨዋወት ማውጣት ነው። ገበታው ላይ ኤስ፣ 10 እና ሁለት ትንንሾች፣ በእጅ ኪንግ፣ 9 እና ሦስት ትንንሾች ቢኖሩ፣ ይህም ዘጠኝ ነው፤ ኩዊንና ጃክ ሁለቱም ውጭ ናቸው። ኤስና ኪንግን መምታት ካርታዎቹ ሁለት ለሁለት ሲከፈሉ፣ በ40.7 በመቶው፣ ምንም አያሳጣም። ውሉ አንድ ዙር ማጣትን የሚፈቅድ ከሆነ ግን ከእጅ ትንሽ መርቶ፣ በግራ ያለው ትንሽ ሲጥል ኤስን ሳይነኩ 10ን ማስገባት ከአንድ ዙር በላይ እንደማይጠፋ ያረጋግጣል፤ አራቱም በአንድ እጅ ቢሆኑ እንኳ። ትርፍ ዙር በሚቆጠርበት ውድድር የመጀመሪያው ያዋጣል፤ ውሉን መፈጸም ሁሉ ነገር በሆነበት ሁለተኛው። ካርታዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ከእነርሱ የሚፈለገው ነው።

የአባባሏ ጠበቆች ስሌቱ የተረጋገጠ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤሚል ቦሬል ከአንድሬ ሼሮን ጋር ስለ ብሪጅ ሒሳብ መጽሐፍ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ የካርታ አከፋፈል ሠንጠረዦችም ከዚያ ወዲህ በሰው ሁሉ እጅ ናቸው። ነገር ግን ሠንጠረዥ የሚናገረው ስለተጋጣሚዎች ምንም የማይታወቅበትን እጅ ነው። ጨረታ ተካሂዶ፣ ሰባት ስምንት ዙር ተጫውቶ ምንም ያልታወቀበት እጅ ካለ፣ የጎደለው መረጃ ሳይሆን የሚያዳምጥ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ለጀማሪ ቀላል ነገር ያስፈልገዋል ይባላል። ግን ከ13 መቀነስ ከባድ ነው? ለጀማሪ በአባባሏ ፈንታ «12 ለ11» ብለን ብንሰጠው ለማስታወስ ያው ነው፣ ሲያስታውሰው ግን ቁጥሮቹ ከየት መጡ ብሎ ይጠይቃል። «በጭራሽ» የተባለ ሰው ምንም አይጠይቅም። እርግጥ ቅነሳው ወጥመድ አለው፤ መግባት ያለባቸው የእያንዳንዷ ካርታ ቦታ የታወቀላቸው ዓይነቶች ብቻ ናቸው። በግራ ያለው አምስት ካርታ ካለው ረጅም ዓይነቱ መራ ብሎ አምስቱን ብቻ መቀነስ፣ የቀኙን ሳያውቁ ሚዛኑን ማዛባት ነው።

የሚቀረኝ አንድ እውነተኛ ገደብ ነው። ሌሎቹን ዓይነቶች አስቀድሞ ተጫውቶ መቁጠር የሚቻለው ጊዜ ሲኖር ነው። ጥያቄው ያለው ሌሎቹን ዓይነቶች ሁሉ በሚያሸንፈው ገዢ ዓይነት ውስጥ ከሆነ፣ ቆይቼ ልቁጠር ያለ ሰው ያሸነፈ የመሰለውን ኤስ ተጋጣሚ በትንሽ ገዢ ካርታ ሲወስድበት ሊያይ ይችላል። ተጋጣሚዎቹ በጨረታው ዝም ብለው፣ መዘግየት የሚያስፈራ ሲሆን፣ ኤስና ኪንግን አከታትዬ እመታለሁ፤ 52 በመቶ ነውና።