ከጣት በፊት ጆሮ

ጊታር ለመማር የሚሹ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። አብዛኛዎቹም መሣሪያውን ገና እንደያዙ የሚያነሡት ጥያቄ «ጣቴን የት ላሳርፍ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መቅደም የሚገባው አይመስለኝም። ጊታር የሚማር ሰው አስቀድሞ ማሠልጠን ያለበት ጣቱን ሳይሆን ጆሮውን ነው የሚል እምነት አለኝ። እናንተም ተማሪዎች፣ መሣሪያ የምትማሩም ሆናችሁ የማትማሩ፣ ምክንያቶቼን መርምራችሁ የራሳችሁን ፍርድ እንድትሰጡ እጋብዛችኋለሁ።

መምህር በነበርኩበት ጊዜ በአንድ የትምህርት ቤት በዓል ላይ ያየሁት ነገር ለዚህ እምነቴ መነሻ ሆኖኛል። አንድ ተማሪ ጊታር፣ አንዲት ተማሪ ደግሞ ክራር ይዘው ዘፋኝ ጓደኛቸውን ለማጀብ መድረክ ላይ ወጡ። ዘፋኟን ጉንፋን ይዟት ስለነበር ዜማውን ከተለማመዱት ዝቅ አድርጋ ጀመረችው። የጊታረኛው ጣቶች በለመዱት ቦታ መሯሯጣቸውን ቀጠሉ፤ ዘፈኑና ጊታሩ ግን ተለያዩ። ልጁ ግራ ተጋብቶ እጁን ሰበሰበ። ክራር የያዘችው ልጅ ግን «እስቲ አንዴ አንጎራጉሪልኝ» አለቻት፤ ጆሮዋን ወደ ክራሯ ዘንበል አድርጋም አውታሮቹን ጥቂት በጥቂት አላላችና ዜማውን ተከተለች። ልጁ ከእርሷ ይልቅ ብዙ የተለማመደ፣ ጣቱም የፈጠነ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የሚጫወተውን ማዳመጥ ነው።

ይህ ልዩነት በከፊል ከመሣሪያዎቹ ጠባይ የሚመነጭ ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው። ደርዳሪው ትዝታን ለመጫወት በትዝታ፣ ባቲን ለመጫወት በባቲ፣ አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን ለመጫወትም እንደየቅኝታቸው አውታሮቹን ማጥበቅና ማላላት አለበት። እነካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ስማቸውን ያስጠሩበት ይህ መሣሪያ ጆሮውን ያላሠለጠነን ሰው ከደጅ ይመልሰዋል። ጊታር ግን እንዲህ አይደለም። በአንገቱ ላይ የተተከሉት ፍሬት የሚባሉት ብረቶች የድምፆቹን ቦታ አስቀድመው ወስነዋል። ጣት አንድ ፍሬት ባለፈ ቁጥር ድምፁ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲደርስ የአውታሩ ርዝመት በእኩሌታ ስለሚከፈል ያው ድምፅ ከፍ ባለ እርከን ይሰማል። ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ሆኖም ምቾቱ ጆሮን ያሰንፋል። ዛሬማ አውታሩን የሚቃኝልንም የእጅ ስልክ ሆኗል።

«ታዲያ የጣት ቦታዎችን የሚያሳይ ሥዕል እያለ ጆሮ ለምን አስፈለገ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ሥዕሉ ጀማሪን እንደሚረዳ አይካድም። ነገር ግን አንድ ምሳሌ እንመልከት። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ የሚሉትን አምስት ድምፆች ውሰዱ። ማረፊያችሁን «ላ» ካደረጋችሁ ሙዚቀኞች ትዝታ ማይነር የሚሉትን ቅኝት ታገኛላችሁ። እነዚያኑ ድምፆች ሳትቀንሱና ሳትጨምሩ ማረፊያችሁን ወደ «ሚ» ብታዛውሩ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይሆንና አምባሰል ይወጣል። በሥዕሉ ላይ የጣቶቹ ነጥቦች አንድ ናቸው፤ ስሜቱ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ዜማው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚመለስ፣ የትኛው ድምፅ እንደ ቤት እንደሚያሳርፍና የትኛው እንደ እንግዳ እንደሚያስቸኩል የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው። እንግዲህ ትዝታን ከአምባሰል መለየት ያልቻለ ሰው ጣቱ ምንም ቢፈጥን ቅኝቱን ተማረ ማለት ይቻላልን?

ሌሎች ደግሞ «ጆሮ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ያልተሰጠው አይማረውም» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ምንም ማነጻጸሪያ ሳያስፈልጋቸው የሰሙትን ድምፅ በስሙ የሚጠሩ ጥቂት ሰዎች አሉ። ለጊታር ተማሪ የሚያስፈልገው ግን ይህ አይደለም፤ የሚያስፈልገው በአንዱ ድምፅና በሌላው መካከል ያለውን ርቀት ማወቅ ነው። ይህን ደግሞ ሁላችሁም ጀምራችሁታል። አንድን ዘፈን ድምፀ ወፍራም ወንድ ቢዘፍነው፣ ድምፀ ቀጭን ሴትም ብትዘፍነው ያው ዘፈን መሆኑን ለማወቅ ትቸገራላችሁን? አትቸገሩም። ጆሯችሁ የሚይዘው የድምፁን ከፍታ ሳይሆን በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት ስለሆነ ነው። በዜማ ቤትም ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፣ የሳተውን እየታረመ በመደጋገም ይማራል እንጂ ጆሮው ከማኅፀን ሠልጥኖ አይመጣም።

ስለዚህ ጊታር የምትማሩ ሁሉ በየቀኑ 10 ደቂቃ ለጆሯችሁ ስጡ። በመጀመሪያ አውታሮቹን ራሳችሁ ቃኙ። ወፍራሙን 6ኛ አውታር በ5ኛው ፍሬት ላይ ስትጫኑት «ላ» የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ ክፍቱ 5ኛ አውታርም ከዚሁ ጋር መግጠም አለበት። ሁለቱ ጥቂት ከተለያዩ ድምፁ ሲርገበገብ ትሰማላችሁ፤ እየተቀራረቡ ሲሄዱ መርገብገቡ ይዘገያል፣ ሲገጥሙም ይጠፋል። በስልክ መቃኛ መጠቀም ካሻችሁ እናንተ ከጨረሳችሁ በኋላ ለማረጋገጫ ይሁን። ቀጥሎም ክፍቱን 5ኛ አውታር እየመታችሁ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋን በአፋችሁ አዚሙ፤ ጣታችሁ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያም ክፍቱን 6ኛ አውታር እየመታችሁ እነዚያኑ ድምፆች ከ«ሚ» ጀምራችሁ አዚሙና ስሜቱ እንዴት እንደተለወጠ አስተውሉ። በመጨረሻም ጓደኛችሁ ከአምስቱ አንዱን ሲመታ፣ እጁን ሳታዩ የትኛው እንደሆነ ንገሩት። በመጀመሪያው ሳምንት ብትሳሳቱ አትፈሩ፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና።

በዚህ መንገድ የሚማር ሰው መጀመሪያ ላይ ከጓደኞቹ ወደኋላ የቀረ ሊመስል ይችላል። እነርሱ ሦስት ዘፈን ሲያጠኑ እርሱ ገና አንድ ቅኝት እያዜመ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሦስት ዘፈን ያጠና ሰው የሚያውቀው ሦስት ዘፈን ብቻ ነው፤ አንድ ቅኝት በጆሮው የለየ ግን በዚያ ቅኝት የተዜመውን ሁሉ ለመከተል በሩ ተከፍቶለታል። ዘፋኙ ዝቅ ቢልም ከፍ ቢልም አብሮት ይሄዳል። ሙዚቃ ከሌላ ሰው ጋር የሚደረግ ጨዋታ ነውና፣ ሌላውን መስማት ያልቻለ ሰው መድረክ ላይ ከብዙ ሰው መካከል ቢቆምም ብቻውን ነው። ጣት የሚያገለግለው ጆሮ ሲያዝዘው ነው፤ ስለዚህ አዛዡን አስቀድማችሁ አሠልጥኑ።